ስለ ረዣዥም ሕንፃዎች ጥላና በከተማ መንገድ ላይ ስለሚወርደው የፀሐይ ብርሃን

መግቢያ

ብርሃን ያለ ዋጋ ለሰው ሁሉ ከተሰጡት ነገሮች አንዱ ነው። ፀሐይ ለባለጠጋውም ለድኻውም በእኩል ትወጣለች፤ ነገር ግን ሰው ቤቱን ከሌላው ቤት አጠገብ ወደ ላይ እያስረዘመ በሠራ ቍጥር፣ በእኩል የወጣችው ፀሐይ ለሁሉ በእኩል ሳትደርስ ትቀራለች። በመንደር ቤትና ቤት ተራርቆ ስለሚሠራ ይህ ነገር ብዙ አያሳስብም። በከተማ ግን ያንዱ ሰው ግድግዳ የሌላው ሰው ጨለማ ሊሆን ይችላል።

ይህ ትምህርት ሦስት ነገር ያስረዳል፤ መዠመሪያ፣ ያንድ ሕንፃ ጥላ በምን ምክንያት እንደሚረዝምና እንደሚያጥር፤ ሁለተኛ፣ ትልልቅ ከተማዎች ስለ ብርሃን የተነሣውን ክርክር በምን ደንብ እንደ ዳኙት፤ ሦስተኛ፣ ይህ ዕውቀት ለኢትዮጵያ ከተማና መንደር ምን እንደሚጠቅም ነው። ለማስተማርም አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ፣ አንድ መለኪያ ገመድና ፀሐይ የሚያገኘው ሜዳ ይበቃል። የውጭ አገር ታሪክ የተነገረባቸው ዓመታት እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው፤ የወር ቀኖች ግን የኢትዮጵያ ናቸው።

1. ጥላ እንዴት እንደሚለካ

ጥላ ማለት ብርሃን የማያሳልፍ ነገር የፀሐይን ጨረር ሲከለክል በስተጀርባው የሚቀረው ስፍራ ነው። ጨረር በቀጥታ መንገድ ስለሚሄድ የጥላው ርዝመት በሁለት ነገር ይወሰናል፤ ይኸውም በነገሩ ቁመትና ፀሐይ ካድማስ በላይ ባላት ከፍታ ነው።

የፀሐይ ከፍታ በዲግሪ ይለካል። ፀሐይ አድማስ ላይ ስትሆን 0፣ በራስ አናት ላይ ስትሆን 90 ዲግሪ ይባላል። ከፍታዋ 45 ዲግሪ በደረሰ ጊዜ ጥላው ከነገሩ ቁመት ጋራ እኩል ይሆናል። ወደ 26 ዲግሪ ዝቅ ስትል ጥላው የቁመቱ ሁለት እጥፍ፣ ወደ 11 ዲግሪ ስትወርድ አምስት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ቁመቱ 20 ሜትር የሆነ ቤት ፀሐይ 11 ዲግሪ ላይ ሳለች 100 ሜትር የሚደርስ ጥላ ይጥላል፤ ፀሐይ 45 ዲግሪ ስትደርስ ያው ጥላ ወደ 20 ሜትር ይሰበሰባል።

ይህ ዕውቀት በኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የእጅና የግድግዳ ሰዓት ሳይስፋፋ በፊት አባቶች የገዛ ጥላቸውን በጫማ እየለኩ የቀኑን ሰዓት ያውቁ ነበር። ጥላውን በጫማ የለካ ሰው የከተማን ጥላ ለመለካት የሚያበቃውን መሠረት አስቀድሞ ይዟል፤ ልዩነቱ ያ ጥላ የሚለካው ሰዓትን ለማወቅ ነበር፤ ይህ ግን የሚለካው ጎረቤትን ላለመበደል ነው።

2. ሁለት ዓይነት ብርሃን

በመንገድ ላይ የሚወርደው ብርሃን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከፀሐይ በቀጥታ የሚመጣው ጨረር ነው። ሁለተኛው ከሰማይ ሁሉ የሚወርደው ብርሃን ነው፤ ይኸውም የፀሐይ ጨረር በአየርና በደመና ውስጥ ተበታትኖ ከየአቅጣጫው የሚደርሰው ነው። ሰው በጥላ ውስጥ ተቀምጦ መጽሐፍ ለማንበብ የሚችለው በዚህ በሁለተኛው ብርሃን ነው። ስለዚህ ጥላ ሁሉ ጨለማ አይደለም፤ ጥላው የሚጨልመው ፀሐይ ብቻ ሳትሆን ሰማዩም ጭምር የተከለለ እንደ ሆነ ነው።

የሚታየው ሰማይ ብዛት ከሕንፃው ቁመት ብቻ አይመጣም፤ የቁመቱና የመንገዱ ስፋት ተመዛዝነው ይወስኑታል። ግራና ቀኙ በሕንፃ በተዘጋ ረዥም መንገድ መካከል የሚደርሰው የሰማይ ብርሃን፣ ምንም ሕንፃ በሌለበት ሜዳ ከሚደርሰው ጋራ ሲመዛዘን እንደሚከተለው ነው።

የሕንፃው ቁመት ከመንገዱ ስፋት ጋራ እኩል የሆነ እንደ ሆነ፣ የሜዳውን ብርሃን ግማሽ አይሞላም።
ቁመቱ የስፋቱ ሁለት እጥፍ የሆነ እንደ ሆነ፣ ሩቡን ያህል ነው።
ቁመቱ የስፋቱ አምስት እጥፍ የሆነ እንደ ሆነ፣ ካሥር እጅ አንዱን ያህል ብቻ ነው።

ከዚህ የተነሣ በሰፊ አደባባይ ዳር የቆመ ረዥም ሕንፃ ብዙ ሳይጐዳ፣ በጠባብ መንገድ ዳር የቆመ መካከለኛ ሕንፃ አብዝቶ ሊጐዳ ይችላል። ሕንፃን በቁመቱ ብቻ መንቀፍ ወይም ማመስገን ትክክል አይደለም፤ በፊቱ የተተወለትን ስፋት አብሮ ማየት ያስፈልጋል።

3. አገርና ወራት ጥላን እንዴት እንደሚለውጡት

አንድ ዓይነት ሕንፃ በሁለት አገር ቢቆም ጥላው አንድ አይሆንም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ርቃ ትገኛለች። ኑዮርክ ግን 41 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ትርቃለች። በኢትዮጵያ የቀትር ፀሐይ ባንዳንድ ወራት በደቡብ፣ ባንዳንድ ወራት በሰሜን በኩል ታልፋለች። በኑዮርክ ግን ዓመቱን ሁሉ የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትሆን የቀትር ጥላ ምን ጊዜም ወደ ሰሜን ነው።

ቁመቱ 10 ሜትር የሆነ ግድግዳ በቀትር የሚጥለው ጥላ ይህን ያህል ነው።

በአዲስ አበባ በሰኔ 14 ቀን ገደማ፣ ወደ ደቡብ 2 ሜትር ተኩል።
በአዲስ አበባ በሚያዝያ 5 ቀንና በነሐሴ 23 ቀን ገደማ፣ ፀሐይ በአናት ላይ ስለምትሆን ጥላ የለም።
በአዲስ አበባ በታኅሣሥ 12 ቀን ገደማ፣ ወደ ሰሜን ከ6 ሜትር ጥቂት ይበልጣል።
በኑዮርክ በሰኔ 14 ቀን ገደማ፣ ወደ ሰሜን 3 ሜትር ያህል።
በኑዮርክ በታኅሣሥ 12 ቀን ገደማ፣ ወደ ሰሜን ከ20 ሜትር ይበልጣል።

እንግዲህ በታኅሣሥ የኑዮርክ ጥላ ከአዲስ አበባው ሦስት እጥፍ ይበልጣል። በዚያ አገር ይህ ወር ብርድ የሚጸናበት፣ ሰውም ፀሐይን አብዝቶ የሚፈልግበት ወር ነው። ጥላ እጅግ የሚረዝመው ብርሃን እጅግ በሚናፈቅበት ጊዜ መሆኑ፣ በሰሜን አገሮች ከተማዎች ስለ ፀሐይ የተነሣውን ክርክር ሁሉ ያስረዳል።

የመንገዱም አቅጣጫ ነገሩን ይለውጠዋል። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄድ መንገድ ጧትና ማታ በጥላ ይሸፈናል፤ በቀትር ግን ፀሐይ ትገባለታለች። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄድ መንገድ ደግሞ ጧትና ማታ ፀሐይ በአቅጣጫው በምትሆንበት ወራት ብርሃን ያገኛል፤ በሰሜን አገር በብርድ ወራት ግን በደቡቡ ወገን የቆመው ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ይከልለዋል።

የኑዮርክ ዋና ደሴት ማንሐተን መንገዶችዋ በ1811 ዓመት በወጣው ፕላን እንደ መረብ ተሠርተዋል። በወርድ የሚሄዱት መንገዶች አብዛኞቹ 18 ሜትር ያህል፣ በቁመት የሚሄዱት ትልልቆቹ 30 ሜትር ያህል ስፋት አላቸው። መረቡ ከትክክለኛው ሰሜን 29 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብሎአል። ስለዚህም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በግንቦት 21 ቀን ገደማና በሐምሌ 5 ቀን ገደማ፣ የምትጠልቀው ፀሐይ በወርዱ መንገዶች ትክክል ሆና በሁለቱ የሕንፃ ረድፎች መካከል ትታያለች፤ ሕዝቡም ይህን ለማየት ወደ ውጭ ይወጣል። በታኅሣሥ ቀትር ግን በእነዚሁ መንገዶች ደቡባዊ ዳር 10 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ግድግዳ ብቻ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ለማጥላት ይበቃል።

4. ሕንፃ ወደ ላይ ሊረዝም የቻለበት ምክንያት

በጥንት ዘመን ቤትን ከአምስትና ከስድስት ፎቅ በላይ ለመሥራት ሁለት ነገር ይከለክል ነበር። አንደኛው የሰው ጉልበት ነው፤ ብዙ ደረጃ በየቀኑ የሚወጣ ተከራይ አይገኝም። ሁለተኛው የግድግዳው ክብደት ነው፤ ቤቱ በረዘመ ቍጥር የታችኛው ግንብ እየወፈረ የመኖሪያውን ስፍራ ይወስድ ነበር።

የመዠመሪያው መከልከያ በአሳንሰር ተነሣ። ኤሊሻ ኦቲስ የተባለው አሜሪካዊ ገመዱ ቢበጠስ እንኳ እንዳይወድቅ የሚይዝ መሣሪያ ለአሳንሰር ሠራ፤ በ1857 ዓመትም በኑዮርክ ባንድ የንግድ ቤት ሰው የሚያወጣና የሚያወርድ አሳንሰር ተተከለ። ሁለተኛው መከልከያ በብረት ዐጥንት ተነሣ። በ1885 ዓመት በቺካጎ ከተማ ባለ አሥር ፎቅ ሕንፃ ተፈጸመ፤ ክብደቱን በብዛት የተሸከመው ግንቡ ሳይሆን በውስጡ የቆመው የብረት ምሰሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለሕንፃ ቁመት ልክ የሚያበጅለት የመሬቱ ዋጋና የባለቤቱ ገንዘብ ብቻ ሆነ።

5. ሰባት ኤከር ጥላ የጣለው ሕንፃና የ1916 ዓመት ደንብ

በኑዮርክ በብሮድዌይ መንገድ የኢኩዊተብል ኩባንያ የነበረበት ሕንፃ በ1912 ዓመት ተቃጠለ። በምትኩ በ1915 ዓመት ወደ 40 የሚጠጋ ፎቅ ያለው፣ ከ160 ሜትር በላይ የሚረዝም አዲስ ሕንፃ ተፈጸመ። መሬቱ ግማሽ ሄክታር አይሞላም፤ በየፎቁ ያለው ወለል ቢደመር ግን የመሬቱን 30 እጥፍ ያህል ሆነ። ግድግዳው ከመንገዱ ዳር ተነሥቶ እስከ ላይ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ኋላ ሳይሸሽ ቆመ። ጥላው 7 ኤከር፣ ማለት ወደ 3 ሄክታር የሚጠጋ ስፍራ እንደ ሸፈነ ተጽፎአል። በዙሪያው የነበሩ ሕንፃዎች ባለቤቶች ብርሃን ስለ ጐደለባቸው ኪራያቸው መውረዱን እያመለከቱ ግብራቸው እንዲቀነስ ጠየቁ። በዚህ ጊዜ ነገሩ የጎረቤታሞች ክርክር መሆኑ ቀርቶ የከተማው ጉዳይ ሆነ፤ ያንዱ ባለቤት ትርፍ የሌላውን ንብረትና የከተማውን ግምጃ ቤት የሚነካ መሆኑ ታየ።

በእንግሊዝ አገር ከጥንት የመጣ ልማድ በ1832 ዓመት በሕግ ጸንቶ ነበር፤ ባንድ መስኮት 20 ዓመት ሳይቋረጥ ብርሃን ሲገባ የኖረ እንደ ሆነ፣ ጎረቤት ያን ብርሃን በግንብ እንዳይዘጋ ባለቤቱ ሊከላከል ይችላል። የአሜሪካ ዳኞች ግን ይህን ልማድ አልተቀበሉም ነበርና ብርሃን የተወሰደበት ሰው ወደ ዳኛ ቢሄድም የሚጠቅሰው ሕግ አልነበረውም። ስለዚህ ኤድዋርድ ባሴት የተባለው የሕግ ዐዋቂ የመራው ጉባኤ ነገሩን መርምሮ ሐሳብ አቀረበ፤ ከተማውም በ1916 ዓመት በሐምሌ ወር ስለ ሕንፃ ቁመትና ስለ መሬት አያያዝ ደንብ አወጣ። በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት አንድን ከተማ በሙሉ የሚገዛ እንዲህ ያለ ደንብ ሲወጣ ይህ የመዠመሪያው ነው።

የደንቡ ምስጢር ሕንፃን አለመከልከሉ ነው። ከተማው በየክፍሉ ተከፍሎ፣ ግድግዳ ከመንገዱ ዳር ቀጥ ብሎ ሊወጣ የሚችለው የመንገዱን ስፋት አንድ ጊዜ፣ ወይም አንድ ተኩል፣ ወይም ሁለት እጥፍ፣ እንደ ክፍሉም እስከ ሁለት እጥፍ ተኩል ድረስ እንዲሆን ተወሰነ። ከዚያ በላይ ለመውጣት የሚፈልግ ባለቤት ግድግዳውን ወደ ኋላ ማሸሽ አለበት። ሁለት እጥፍ በተፈቀደበት ክፍል፣ መንገዱ 30 ሜትር ቢሆን ግድግዳው 60 ሜትር ድረስ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ከዚያ በላይ አንድ ሜትር ወደ ኋላ በሸሸ ቍጥር አራት ሜትር ይጨምራል። ከመሬቱም አራተኛ እጅ በማይበልጠው ላይ የፈለገውን ያህል ረዥም ግንብ ሊሠራ ይችላል።

አራት የሚለው ቍጥር እንዲሁ የተመረጠ አይደለም። አንድ ሰው በ30 ሜትሩ መንገድ መካከል ቢቆም ከግድግዳው 15 ሜትር ይርቃል፤ 60 ሜትሩ የ15 አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ ከእግሩ ሥር ተነሥቶ በ60ው ሜትር ጫፍ ላይ የሚያልፍ ቀጥታ መስመር ቢሳብ፣ አንድ ሜትር ወደ ፊት በሄደ ቍጥር አራት ሜትር ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ኋላ እየሸሸ የሚረዝመው ሕንፃ ሁሉ በዚህ መስመር ሥር ይቀራል፤ በመንገዱ መካከል ያለው ሰውም ሕንፃው በ60 ሜትር ቢያበቃ ኖሮ ሊያይ ይችል የነበረውን ሰማይ ያያል። አስተማሪው ይህን በሰሌዳ ላይ በመስመር ቢያሳይ፣ ሒሳብ ለሰው መብት እንዴት እንደሚያገለግል ተማሪዎች ይረዱታል።

ነገር ግን የደንቡን ልክ ማወቅም ይገባል። የተባለው መስመር 76 ዲግሪ ያህል የቆመ ነው፤ የኑዮርክ የቀትር ፀሐይ ግን በሰኔ እንኳ ከ73 ዲግሪ አትበልጥም። ስለዚህ ደንቡ በብዛት የጠበቀው የሰማይን ብርሃንና የነፋስን መተላለፊያ ነው እንጂ የቀትርን ፀሐይ አይደለም። ደግሞም ረዥሙን ግንብ ስለ ፈቀደ ሩቅ የሚሄደውን ጥላ አላስቀረም።

6. ደንቡ የከተማውን መልክ እንደ ለወጠው

ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ሕንፃዎች እንደ ደረጃ እየጠበቡ የሚወጡ ሆኑ። በ1922 ዓመት ሂዩ ፌሪስ የተባለው ሠዓሊ ደንቡ የሚፈቅደውን የሕንፃ ቅርፅ በሥዕል አሳየ፤ መሐንዲሶችም ብዙ ተማሩበት። በ1930 ዓመት የተፈጸመው የክራይስለር ሕንፃ 319 ሜትር፣ በ1931 ዓመት የተፈጸመው የኤምፓየር ስቴት ሕንፃ 381 ሜትር ቁመት አላቸው። ኤምፓየር ስቴት ከታች አምስት ፎቅ ያህል ከመንገዱ ዳር ቆሞ፣ ከዚያ በላይ ያለው ግንብ ግን ወደ መካከል ተሰብስቦ ይወጣል። በሥሩ የሚያልፍ እግረኛ ብዙ ጊዜ የሚያየው የታችኛውን ክፍል ብቻ ነው።

በ1958 ዓመት የተፈጸመው የሲግራም ሕንፃ ሌላ መንገድ አሳየ። እንደ ደረጃ በመሸሽ ፈንታ፣ ሕንፃውን በሙሉ ከመንገዱ 27 ሜትር ያህል አርቆ በፊቱ ሰፊ አደባባይ ተወ። ከተማውም በ1961 ዓመት አዲስ ደንብ ሲያወጣ፣ የሕንፃውን ወለል ጠቅላላ ብዛት ከመሬቱ ስፋት ጋራ እያመዛዘነ ወሰነ። ሕንፃ እጅግ በሚበዛበት ክፍል ወለሉ የመሬቱን 15 እጥፍ እንዳያልፍ፣ ለሕዝብ አደባባይ ለሚተው ግን እስከ 18 እጥፍ እንዲፈቀድለት ሆነ። የኢኩዊተብል ሕንፃ 30 እጥፍ እንደ ነበረ ያስታወሰ ሰው የልዩነቱን ታላቅነት ያያል።

7. ቀጭን ረዥምና ሰፊ አጭር

ብዙ ሰው ረዥም ሕንፃ ሁሉ ከአጭር ሕንፃ ይልቅ ጐጂ ይመስለዋል። ይህ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ስለምትዞር ጥላም አብሮአት ይዞራል። በኑዮርክ በ2015 ዓመት የተፈጸመ አንድ ሕንፃ ቁመቱ 426 ሜትር፣ የየጎኑ ስፋት ግን 28 ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። በታኅሣሥ ቀትር ከሥሩ 500 ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው የዚህ ሕንፃ ጥላ በላዩ የሚያልፈው በሩብ ሰዓት ያህል ጊዜ ነው። እንደዚሁም ፀሐይ ነጥብ ሳትሆን ስፋት ያላት ክብ ስለ ሆነች፣ የሩቅ ጥላ ዳሩ የደበዘዘ ነው። ርዝመቱ መቶ ሜትር የሚሆን፣ ቁመቱ ግን መካከለኛ የሆነ ግድግዳ በአጠገቡ ያለውን መንገድ ለብዙ ሰዓት አጥልቶ ይውላል።

ቢሆንም የቀጫጭኖቹ ቍጥር ሲበዛ ሩብ ሰዓቱ በሩብ ሰዓት ላይ እየተደመረ ይሄዳል። በማንሐተን ሴንትራል ፓርክ የተባለው ትልቅ መናፈሻ በደቡብ ዳሩ አያሌ እጅግ ረዣዥም ግንቦች ቆመዋል፤ ከእነርሱ አንዱ 472 ሜትር ነው፤ በታኅሣሥ ቀትር ጥላው ከ900 ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ይዘረጋል። መናፈሻው ያለው በሰሜን በኩል ስለ ሆነ ጥላው በሕፃናት መጫወቻና በሣር ላይ ያርፋል።

የከተማው ሕዝብ ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። በ1987 ዓመት በመናፈሻው ደቡብ ምዕራብ ማዕዘን ታላቅ ሕንፃ ሊሠራ በታሰበ ጊዜ፣ ብዙ መቶ ሰዎች ጥላው በሚያርፍበት መስመር ተሰልፈው ጥቁር ጃንጥላ ዘረጉ። ገና ያልተሠራው ሕንፃ የሚጥለው ጥላ በሰው ሰልፍ ተስሎ ታየ። ሕንፃው በታሰበው መልክ አልተሠራም፤ በስፍራው ኋላ የቆመው ያነሰ ነው። ሰዎቹ ቁጣቸውን በጩኸት ብቻ ሳይሆን በልክ ስላቀረቡት፣ ማንም ሰው ነገሩን በዐይኑ ለማየት ቻለ።

8. ሌሎች አገሮች ያወጡት ደንብ

የጃፓን መንግሥት በ1976 ዓመት የሕንፃ ሕጉን ሲያሻሽል ጥላን በሰዓት ለካው። በዓመቱ ውስጥ ቀኑ እጅግ በሚያጥርበት በታኅሣሥ ቀን፣ ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ አንድ ሕንፃ የጎረቤትን ስፍራ ከተወሰነው ሰዓት በላይ እንዳያጠላ በመኖሪያ ሰፈሮች ተደነገገ። በዚህ ደንብ ጎረቤት የሚጠይቀው ጥላ ፈጽሞ እንዳይነካው አይደለም፤ ከፀሐይዋ ድርሻው እንዲቀርለት ነው።

የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ነዋሪዎችም በ1984 ዓመት ድምፅ ሰጥተው፣ ከ12 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ሕንፃ የሕዝብን መናፈሻ የሚያጠላ እንደ ሆነ ጥላው አስቀድሞ እንዲመረመር አደረጉ። የእንግሊዝ ሕግ የግል መስኮትን ሲጠብቅ የሳን ፍራንሲስኮው የሕዝብን ስፍራ፣ የጃፓኑ የሰፈርን ኑሮ ይጠብቃል። ሦስቱም አንድ ነገር ያስተምራሉ፤ ጥላን መለካትና መመርመር የሚገባው ድንጋይ ሳይደረደር በፊት ነው።

9. ጥላ በረከት የሚሆንበት ጊዜ

ጥላ በሁሉ አገር ጉዳት አይደለም። በየመን አገር በሐድራሞት ሸለቆ ያለችው የሺባም ከተማ ከጭቃ ጡብ የተሠሩ፣ አንዳንዶቹ 30 ሜትር ያህል የሚረዝሙ ቤቶች ተጠጋግተው የቆሙባት ናት። በዚያ ሞቃት አገር ቤቶቹ ለጠባቦቹ መንገዶች ጥላ ይሰጣሉ፤ እግረኛም በጥላው ሥር ይሄዳል። በኢትዮጵያም በሐረር ጀጎል ውስጥ ያሉት ጠባብ መተላለፊያዎች በግራና በቀኝ ባለው ግንብ ጥላ ያገኛሉ። እንግዲህ በቆላ አገር ጥላ የሚፈለግ ሀብት ነው፤ በደጋ አገር ደግሞ የጧት ፀሐይ የምትናፈቅ ናት። መልካም ደንብ የሚባል ለአገሩ አየር የሚስማማ ነው እንጂ ከሌላ አገር እንዳለ የተቀዳ አይደለም።

ሕንፃ ብርሃንን ከመከልከል አልፎ አብዝቶ ሊጥልም ይችላል። በ2013 ዓመት በለንደን ከተማ ገና በመሠራት ላይ የነበረ አንድ የመስታወት ሕንፃ ፊቱ ወደ ውስጥ የጐበጠ ስለ ነበረ፣ የፀሐይን ጨረር እንደ ጐድጓዳ መስታወት ባንድ ስፍራ ሰብስቦ በመንገድ ላይ የቆመን አውቶሞቢል ክፍሎች አቀለጠ። ባለቤቶቹም ጨረሩን የሚከላከል መከለያ በግድግዳው ላይ አኖሩበት።

10. ለኢትዮጵያ ከተማና መንደር የሚሰጠው ጥቅም

በአዲስ አበባ በ2014 ዓመተ ምሕረት የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ቁመት አለው። በታኅሣሥ ቀትር ጥላው ወደ ሰሜን 130 ሜትር ያህል፣ በሰኔ ቀትር ወደ ደቡብ 50 ሜትር ያህል ይደርሳል። በሌሎችም ከተማዎች ፎቅ ቤት እየበዛ መሄዱ የታወቀ ነው። ስለዚህ ዛሬ በመንደር ትምህርት ቤት የተቀመጠ ልጅ ነገ ቤት ሠሪ፣ ወይም መሐንዲስ፣ ወይም የከተማ ሹም ሊሆን ስለሚችል፣ ጥላን መለካት ከልጅነቱ ቢማር ለብዙ ሰው ይጠቅማል።

ከተነገረው ሁሉ ለደጋ አገር አንድ ቀላል ምክር ይገኛል። በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ብርዱ ሲጸና የቀትር ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ስለዚህ ረዥምና አጭር ቤት ባንድ ግቢ የሚሠራ ሰው ረዥሙን በሰሜን፣ አጭሩን በደቡብ ቢያደርግ የረዥሙ ጥላ በቀትር አጭሩን አይነካውም። እህል የሚሰጣበትና ልብስ የሚደርቅበት ስፍራም እንዲሁ ከረዥሙ ቤት በደቡብ በኩል ቢሆን ይሻላል።

ትምህርት ቤት ሲሠራ ረዥሙ ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቢዘረጋ፣ መስኮቶቹም ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ቢከፈቱ፣ የጧትና የማታ ዝቅተኛ ፀሐይ በተማሪዎች ዐይን ላይ በቀጥታ አትወድቅም። በአዲስ አበባ ትክክል ባለ ስፍራ፣ የመስኮቱ ታችኛ ዳር ከጣራው ክፈፍ አንድ ሜትር ተኩል ዝቅ ያለ እንደ ሆነ፣ በደቡብ በኩል አንድ ሜትር ያህል ወደ ውጭ የወጣ ክፈፍ የታኅሣሥን የቀትር ፀሐይ ይከለክላል፤ የሰማዩ ብርሃን ግን ይገባል።

ሽማግሌዎችም በዳኝነት ሲቀመጡ ይህ ዕውቀት ይረዳቸዋል። ባሕር ዛፍ በድንበር ላይ ተተክሎ የጎረቤትን ማሳ አጠላ የሚል ክርክር የታወቀ ነው። ዛፉ 20 ሜትር የደረሰ እንደ ሆነና በማሳው ደቡብ በኩል የቆመ እንደ ሆነ፣ በታኅሣሥ ቀትር 12 ሜትር ተኩል ያህል ወደ ማሳው ይገባል። በሰሜን በኩል የቆመ እንደ ሆነ ግን በእነዚያ ወራት የቀትር ጥላው ወደ ውጭ ይወድቃል። በዘንግና በገመድ የተለካ ነገር ብዙ ቃል ያሳጥራል፤ ከሳሽና ተከሳሽም የሚያዩትን ልክ ለመካድ አይችሉም።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። ቅርብ የሆነ ጎረቤት ግን የሚሻለው ብርሃን ያልከለከለ እንደ ሆነ ነው። የገዛ መሬቱ ወሰን በምድር ላይ የተቸነከረ ቢሆንም የቤቱ ጥላ ወሰን ተሻግሮ ይሄዳልና፣ ቤት የሚሠራ ሰው ካጥሩ ባሻገር ያለውን አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል።

መልመጃ

አንድ ሜትር ዘንግ በሜዳ ላይ ቀጥ አድርጎ መትከል፤ ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል ድረስ በየሩብ ሰዓቱ የጥላውን ጫፍ በጠጠር ማመልከት። ጥላው እጅግ ያጠረበት ጊዜ ትክክለኛው ቀትር ነው፤ በዚያ ጊዜ ጥላው ያመለከተው መስመር የሰሜንና የደቡብ አቅጣጫ ነው። የዛፍን ቁመት ለማወቅ የዘንጉንና የዛፉን ጥላ ባንድ ጊዜ መለካት፤ የዘንጉ ጥላ 80 ሳንቲ ሜትር፣ የዛፉ 16 ሜትር የሆነ እንደ ሆነ የዛፉ ቁመት 20 ሜትር ነው። መልመጃውን በየወሩ ባንድ ቀን እየደገሙ ልኩን በመዝገብ ማኖር።

ጥያቄዎች

1. ጥላ የሚረዝመውና የሚያጥረው በምን ምክንያት ነው?
2. በጥላ ውስጥ ያለ ሰው ማንበብ የሚችለው በየትኛው ብርሃን ነው?
3. የኢኩዊተብል ሕንፃ ጎረቤቶች ግብራቸው እንዲቀነስ የጠየቁት ስለ ምን ነው?
4. በ1916 ዓመት ደንብ፣ ሁለት እጥፍ በተፈቀደበት ክፍል በ30 ሜትር መንገድ ዳር የሚሠራ ሕንፃ 5 ሜትር ወደ ኋላ ቢሸሽ ስንት ሜትር ሊደርስ ይችላል?
5. ይህ ደንብ የቀትርን ፀሐይ ያልጠበቀው ለምንድን ነው?
6. በተማሪው መንደር ጥላ የሚፈለግበትና የማይፈለግበት ወር የትኛው ነው? ምክንያቱስ?